የዋልታን በረዶ በብዕር የመዘነው ሊቅ

ስለ ዓለም የአየር ጠባይ መለወጥና ስለ ዋልታዎቹ በረዶ መቅለጥ የሚደረገው ክርክር የዛሬ ዘመን ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በራዲዮ፥ በጉባኤና በጋዜጣ አንዱ ወገን በረዶው እየቀለጠ ነው፥ ጥፋቱም የሰው እጅ ያመጣው ነው ሲል፥ ሌላው ወገን ደግሞ ምድር ከጥንት ጀምሮ ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራለች፥ የሰው ልጅ ይህን ለመለወጥ ምን ዐቅም አለው ሲል ይሰማል። ነገር ግን ሙግቱ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በግምት ይነገር የነበረውን ነገር ወደ ቁጥር አምጥቶ ሙግቱን የከፈተው ሰው ስቫንቴ አርሄኒየስ የተባለው የስዊድን ሊቅ ነው። ዛሬ የእርሱን የሕይወት ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ ሳለን አርሄኒየስን የምናውቀው በኬሚስትሪ ደብተራችን ውስጥ በሚገኝ አንድ ቀመር ነበር። የሙቀት መጠን ሲጨምር የኬሚካል ለውጥ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳየውን ያንን ቀመር ለፈተና ሸምድደን ገባን፤ ፈተናው ሲያልፍም ከባለቤቱ ስም ጋራ ረሳነው። ከቀመሩ በስተጀርባ አንድ ሰው መኖሩን፥ ያም ሰው በመምህራኑ የተናቀ፥ በሙያ ጓደኞቹ የተነቀፈ፥ ራሱም በተራው ሌሎችን ያስቀየመ መሆኑን የተረዳነው ከተመረቅን በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ታሪክ ከቀመሩ ይልቅ በልብ የሚቀር ሆኖ አግኝተነዋል።

ስቫንቴ አርሄኒየስ የተወለደው በ1859 ዓ.ም. በየካቲት ወር በ19ኛው ቀን፥ ከኡፕሳላ ከተማ አጠገብ በምትገኝ ቪክ በምትባል ስፍራ ነው። አባቱ መሬት ለኪ ሲሆን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ርስት አስተዳዳሪም ነበር። ሕፃኑ ስቫንቴ ሦስት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳያስተምረው ማንበብ እንደ ቻለ ይነገርለታል። አባቱ የሒሳብ መዝገቡን ዘርግቶ ሲደምርና ሲቀንስ አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ስለ ነበር ቁጥር ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጨዋታው ሆነ። በኋላም ዓለምን ያስደነቀው ሥራው ከዚህ ከልጅነት ልማዱ የራቀ አልነበረም፤ የመሬት ሙቀት ገቢና ወጪ የተጻፈበት አንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ ነውና።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በኡፕሳላ በካቴድራሉ ትምህርት ቤት በ1876 ፈጽሞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ። በኡፕሳላ የነበረው የፊዚክስና የኬሚስትሪ አስተማሪነት አላረካውም፤ ስለዚህ በ1881 ወደ ስቶክሆልም ሄዶ ኤሪክ ኤድሉንድ ከተባለው ሊቅ ዘንድ ይሠራ ጀመር። የምርምሩ ርእስ ጨው በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ውሃው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት ምክንያት ምንድን ነው የሚል ነበር። አርሄኒየስ ጨው ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ጭነት ወዳላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ይለያያል፥ ኤሌክትሪኩን የሚያጓጉዙትም እነርሱ ናቸው ወደሚል አሳብ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ይህ አሳብ ለመምህራኑ እንግዳ ነበር። በ1884 የዶክትርና ጽሑፉን ለኡፕሳላ ባቀረበ ጊዜ መርማሪዎቹ ፈጽሞ ባይጥሉትም የሰጡት ማዕረግ ዝቅተኛ ስለ ነበር በዩኒቨርሲቲው የማስተማር ተስፋው የተዘጋ መሰለ።

እዚህ ላይ ተስፋ ያልቆረጠ መሆኑ የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው። ጽሑፉን በፖስታ ለልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ላከ። ከነዚህም አንዱ በሪጋ ከተማ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኦስትቫልድ ነበር። ኦስትቫልድ ጽሑፉን አንብቦ እጅግ ስለ ተደነቀ በዚያው ዓመት ራሱ ወደ ኡፕሳላ መጣና ለወጣቱ በሪጋ ሥራ ሊሰጠው ጠየቀ። የራሳቸው ሰዎች የናቁትን ልጅ እንግዳ ሰው ባሕር ተሻግሮ ሲፈልገው ያዩት የኡፕሳላ መምህራንም የአስተማሪነት ቦታ ሰጡት። አባቱ በዚያን ጊዜ ታምሞ ስለ ነበር አርሄኒየስ ወዲያው ከአገሩ አልወጣም። በኋላ ግን በጀርመን፥ በኦስትሪያና በሆላንድ ተዘዋውሮ ከኮልራውሽ፥ ከቦልትስማንና ከቫንት ሆፍ ዘንድ ሠራ። ያ ዝቅተኛ ማዕረግ የተሰጠው አሳብ እያደገ ሄዶ በ1903 የኬሚስትሪን የኖቤል ሽልማት አስገኘለት። ይህን ሽልማት በመቀበል ከስዊድን ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው።

አሁን ወደ በረዶው ነገር እንመለስ። አርሄኒየስ በ1891 በስቶክሆልም ከፍተኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ በ1895ም የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኘ። በዚያን ዘመን በስቶክሆልም የፊዚክስ ማኅበር ከሚከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ የበረዶ ዘመን ምክንያት ነበር። የስዊድን ምድር በጥንት ጊዜ በኪሎ ሜትር በሚለካ ውፍረት በረዶ ተሸፍኖ እንደ ነበር በየሜዳው ተበታትነው የቀሩት ታላላቅ ድንጋዮች ይመሰክራሉ። የእኛም አገር ቢሆን ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም፤ በባሌ ተራሮች፥ በሳነቴ አምባ አካባቢ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የበረዶ ግግር እንደ ነበረ የመሬት አጥኚዎች ከድንጋዩና ከአፈሩ አቀማመጥ አረጋግጠዋል። ታዲያ ያን ሁሉ በረዶ ያመጣው ምንድን ነው? ኋላስ ያቀለጠው ምንድን ነው? አንዳንዶቹ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትሄድ መንገዷ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ነው ይሉ ነበር። አርሄኒየስ ግን ምክንያቱን ከአየሩ ከራሱ ፈለገ።

ነገሩን ለመረዳት የደጋ ሰው መሆን ይበቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረበት ሌሊት ውርጭ እንደሚወርድ፥ ደመና ባለበት ሌሊት ግን ሞቅ እንደሚል ገበሬያችን ያውቃል። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትመልሳለች፤ ደመናውና የውሃ ተኑ ግን ከዚያ ሙቀት ከፊሉን ይዘው ያስቀራሉ። አየር ሙቀትን ይዞ የማስቀረት ጠባይ እንዳለው ፎርየር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1824 ጽፎ ነበር። በአሜሪካ ዩኒስ ፉት የተባለች ሴት በ1856፥ በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጆን ቲንዳል አርሄኒየስ በተወለደበት በ1859 በሠሯቸው ሙከራዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይህንኑ ሥራ ይሠራል የሚለው ነገር ታወቀ። ይህ ጋዝ ሰውና እንስሳ የሚተነፍሱት፥ እንጨትና የድንጋይ ከሰል ሲነድም የሚወጣው ነው። መኖሩ ታውቆ ነበር፤ ቢበዛ ወይም ቢያንስ የምድር ሙቀት በስንት ዲግሪ ይለወጣል የሚለውን ግን ማንም አስልቶ አላቀረበም ነበር።

አርሄኒየስ ይህን ስሌት የጀመረው በ1894 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ተማሪው ከነበረችው ከሶፊያ ሩድቤክ ጋራ ተጋብቶ ነበር፤ ትዳሩ ግን አልጸናም። ብዙም ሳይቆይ ሚስቱ ኡሎፍ የተባለውን ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ተለየችው። እርሱም ትዳሩ በሚፈርስበት በዚያ ጊዜ ከስሌቱ አልተለየም። የሒሳብ መኪና ያልተስፋፋበት ዘመን ስለ ነበር አንድ ዓመት ያህል በእርሳስና በወረቀት ሲደምርና ሲያባዛ ከረመ። ላንግሊ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ ከጨረቃ የሚመጣውን ሙቀት ለክቶ ያወጣቸውን ቁጥሮች ወሰደ፤ ከእነርሱም የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምን ያህል ሙቀት እንደሚይዙ አወጣ። ከዚያም ምድርን ከሰሜን እስከ ደቡብ በየአሥር ዲግሪው ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል በአራቱም የዓመቱ ወቅቶች ሙቀቱን አሰላ። አየሩ ሲሞቅ ተጨማሪ የውሃ ተን እንደሚይዝና ያም ተን በተራው ሙቀቱን እንደሚያበረታው፥ በረዶ ሲቀልጥም መሬቱ ጠቁሮ የፀሐይን ሙቀት አብዝቶ እንደሚቀበል አልዘነጋም።

ያገኘው ውጤት በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ ለስዊድን የሳይንስ አካዳሚ ቀርቦ በ1896 በእንግሊዝኛ ታተመ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ስድሳ በመቶ ገደማ ዝቅ ቢል ሙቀቱ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ይህም የበረዶ ዘመንን ለመመለስ ይበቃል። ጋዙ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ሙቀቱ ከ5 እስከ 6 ዲግሪ ከፍ ይላል። ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን የሰሜን ዋልታ አካባቢ ሙቀት በ8 ወይም በ9 ዲግሪ ይጨምራል። ከዚህም ጋራ ሙቀቱ ከባሕር ይልቅ በየብስ፥ ከበጋ ይልቅ በክረምት፥ ከቀን ይልቅ በሌሊት እንደሚበረታ አመለከተ። ከቁጥሮቹ አንዳንዱ በኋላ ታርሟል፤ እርሱ ራሱም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእጥፉን ውጤት ወደ 4 ዲግሪ ዝቅ አድርጎታል። የዛሬ ሊቃውንት በታላላቅ ኮምፒዩተሮች አስልተው የደረሱበት ቁጥር ከ2.5 እስከ 4 ዲግሪ፥ ይልቁንም ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ መሆኑን ስናይ የእርሳሱ ሥራ ያስደንቃል።

ጽሑፉ በታተመበት በ1896 ዓ.ም. በጋ አርሄኒየስ ዋልታውን በዐይኑ ለማየት ዕድል አገኘ። ሰሎሞን አንድሬ የተባለው የስዊድን መሐንዲስ በፊኛ ተሳፍሮ በሰሜን ዋልታ ላይ ለማለፍ ሲነሣ አርሄኒየስ የባሕሩን ሁናቴ እንዲያጠና ከቡድኑ ጋራ ወደ ስፒትስበርገን ደሴቶች ሄደ። ከአንድሬ ጋራ ሊሳፈር የነበረው ኒልስ ኤክሆልም የተባለው የአየር ጠባይ አጥኚ የአርሄኒየስ ወዳጅ ነበር። በዚያ በጋ ተስማሚ ነፋስ ስላልነፈሰ ፊኛው ሳይነሣ ቀረ። ኤክሆልም ግን ፊኛው ጋዙን ምን ያህል እንደሚያፈስ ለክቶ ዋልታ ለመድረስ አይበቃም አለ፤ አንድሬም አልተቀበለውም። ነገሩ በአደባባይ የታወቀ ጠብ ሆነና ኤክሆልም ከጉዞው ወጣ። በ1897 ዓ.ም. በሐምሌ ወር አንድሬ ከሁለት ወጣቶች ጋራ ተነሥቶ ሄደ። ፊኛው ከሦስት ቀን በኋላ በረዶ ላይ ወደቀ፤ ሦስቱም ሞቱ፤ አስከሬናቸው የተገኘው በ1930 ነበር። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለክቶ የተናገረ ሰው ነበረ፤ መለኪያውን ያየ ግን አልሰማውም። ይህ ምሳሌ ለቀረው ታሪካችን ስለሚጠቅም አንባቢ እንዲያስታውሰው እንፈልጋለን።

አርሄኒየስ ስሌቱን ሲሠራ የበረዶን ዘመን ለመረዳት እንጂ ስለ ፋብሪካ ጭስ ተጨንቆ አልነበረም። ነገር ግን አርቪድ ሄግቦም የተባለው የሙያ ጓደኛው የዓለም ፋብሪካዎች በዓመት የሚያነድዱት የድንጋይ ከሰል ወደ 500 ሚሊዮን ቶን እንደሚጠጋ አስልቶ፥ ከእሳተ ገሞራና ከመሳሰለው ተፈጥሮ ከሚያወጣው ጋዝ ጋራ የሚመጣጠን መሆኑን አሳይቶ ነበር። እንግዲህ ሰው ከተፈጥሮ ጋራ ሊወዳደር የጀመረ መሆኑ ነው። አርሄኒየስ በመጀመሪያ ለውጡ ሺህ ዓመታት የሚፈጅ መስሎት ነበር፤ በኋላ የከሰሉ ፍጆታ ሲያድግ አይቶ በመቶ ዓመታት ወደሚቆጠር ጊዜ ዝቅ አደረገው። የሚያስገርመው ግን ነገሩ አላስፈራውም። በ1906 ዓ.ም. ባወጣው ለሕዝብ በተጻፈ መጽሐፉ ሙቀቱ ቢጨምር የቀዝቃዛ አገር ሰዎች የተሻለ አየርና የበዛ እህል ያገኛሉ ብሎ ተስፋ አደረገ። ክረምቱ ጨለማ በሆነበት፥ ባሕሩ በሚረጋበት አገር ላደገ ሰው ይህ አሳብ የሚጠበቅ ነበር። ዝናብ ሲዘገይ ሰማይ ሰማይ የሚያይ የቆላ ገበሬ ቢሆን ኖሮ ግን ስሌቱን በሌላ ዐይን ያነበው ነበር እንላለን።

ስሌቱ ከታተመ ከአራት ዓመት በኋላ ተቃውሞ መጣ፤ የመጣውም ከዚያው ከኡፕሳላ ነው። ክኑት ኦንግስትሮም የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ1900 ዓ.ም. ካርቦን ዳይኦክሳይድን በ30 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ አስገብቶ የሙቀት ጨረር አሳለፈበት። የጋዙን ግፊት በአንድ ሦስተኛ ያህል ቢቀንሰውም የተያዘው ሙቀት ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አላሳየም። ስለዚህም አየሩ ሊይዝ የሚችለውን ሙቀት ሁሉ አስቀድሞ ይዞታል፥ የውሃ ተኑም ያንኑ ጨረር ስለሚይዘው ጋዝ ቢጨመር ፋይዳ የለውም ሲል ደመደመ። ክርክሩ ቀላል ክርክር አልነበረም። ኦንግስትሮም መሣሪያ ሠሪና ጠንቃቃ ለኪ ነበር፤ የያዘውም ሙከራ እንጂ አሉባልታ አልነበረም። አብዛኞቹ ሊቃውንት ከእርሱ ጋራ ቆሙ፤ የአርሄኒየስ አሳብም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወደ ጎን ተደረገ።

አርሄኒየስና ኤክሆልም በ1901 ዓ.ም. መልስ ሰጡ። መልሱን በአገራችን ልብስ እንመስለው። አንድ ሰው ወፍራም ጋቢ ደርቦ ቢተኛ ሙቀቱ ወደ ውጭ የሚወጣው ከውጨኛው ጋቢ ፊት ነው። ሌላ ጋቢ ቢጨመርበት የውጨኛው ፊት ከገላው ይርቃል፥ ይቀዘቅዛልም፤ ስለዚህ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፥ ውስጡም ይሞቃል። የምድርም ነገር እንዲሁ ነው። ሙቀቷ ወደ ጠፈር የሚወጣው የውሃ ተን እጅግ ጥቂት ከሆነበት ከከፍተኛው አየር ነው፤ በዚያም ላይ ጋዙ በተጨመረ ቁጥር ሙቀት የሚለቀቅበት ቦታ ወደ ላይ፥ ወደ ቀዝቃዛው አየር ይሄዳል። በአንድ አጭር ቱቦ ውስጥ ይህን ማየት አይቻልም፤ ቱቦው አንድ ጋቢ ብቻ ነውና። ነገር ግን የከፍታውን አየር የሚለካ መሣሪያ በዘመኑ ስላልነበረ መልሱ ትክክል ቢሆንም ማሳመን አልቻለም። ነገሩ የጠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጨረር መለኪያ ሲሻሻል ነው።

የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው የወደደውን ብቻ ሊጽፍ አይገባውምና የአርሄኒየስን ጉድለትም እንናገር። ከ1905 ጀምሮ የኖቤል የፊዚካል ኬሚስትሪ ተቋም ዲሬክተር ሆነ፤ በሽልማቱም ጉዳይ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነበር። ይህን ሥልጣን ሁልጊዜ በቅንነት አልተጠቀመበትም። የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ ያወጣው ሩሲያዊው ሜንዴሌየፍ ሽልማቱን ሳያገኝ በ1907 ሲሞት፥ ከተቃወሙት አንዱ አርሄኒየስ ነበር። ቀድሞ ወዳጁ፥ ኋላ ባላንጣው የሆነውን ጀርመናዊውን ነርንስትንም ለብዙ ዓመታት ከሽልማቱ አራቀው። በወጣትነቱ በዝቅተኛ ማዕረግ የተበደለ ሰው በሽምግልናው ማዕረግ ከልካይ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም የከፋው፥ በዘመኑ ብዙ ምሁራንን ያሳተ የዘር ማሻሻል የሚባለውን ክፉ ትምህርት ከደገፉት የስዊድን ሊቃውንት መካከል መቆሙ ነው። ሒሳቡ የጠራ ሰው ፍርዱም ሁልጊዜ የጠራ ነው ማለት አይቻልም።

ያም ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ከሥራ አልቦዘነም። በ1905 ማሪያ ዮሐንሰንን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። ስለ መርዝና ስለ መድኃኒት፥ ስለ ከዋክብትና ስለ ሕይወት አመጣጥ ጻፈ። ጽሑፎቹ ለተራው ሕዝብ የሚገቡ ስለ ነበሩ በብዙ ቋንቋ ተተረጎሙ። በመጨረሻም በጥቅምት ወር በ2ኛው ቀን፥ በ1927 ዓ.ም. በ68 ዓመቱ በስቶክሆልም ዐርፎ በኡፕሳላ ተቀበረ። ሲቀበር እንደ ታላቅ የኬሚስትሪ ሊቅ ተለቀሰለት፤ የአየር ጠባዩን ስሌት ግን ያስታወሰው ጥቂት ሰው ነበር።

ከሞተ ከ11 ዓመት በኋላ፥ በ1938፥ ካለንደር የተባለ የእንግሊዝ መሐንዲስ የየአገሩን የሙቀት መዝገብ ሰብስቦ ዓለም መሞቅ እንደ ጀመረች፥ ምክንያቱም የሚነደው ከሰል ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። እርሱንም ብዙ ሰው አልተቀበለውም። በ1958 ቻርልስ ኪሊንግ የተባለ አሜሪካዊ በሃዋይ ደሴት በማውና ሎአ ተራራ ላይ ጋዙን በየዕለቱ መለካት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። በአርሄኒየስ ጊዜ 295 ገደማ እንደ ነበር ይገመታል፤ በ2024 ግን ከ420 አልፏል። ሊቁ ሺህ ዓመታትን የሰጠው ነገር በአራትና በአምስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እየተፈጸመ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በረዶውስ ምን ሆነ? ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ ዋልታዎቹን ያለማቋረጥ መመልከት ከጀመረበት ከ1979 አንሥቶ በሰሜኑ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው በረዶ በመስከረም ወር ሲለካ እየጠበበ መጥቷል። በዚያን ጊዜ ወደ 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ፤ የጎደለው ከአገራችን ስፋት ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከዓለም አማካይ ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት እየሞቀ ነው፤ ይህም አርሄኒየስ በእርሳሱ ያመለከተው ነው። በግሪንላንድ የብስ ላይ የተከመረው በረዶም በአማካይ በያመቱ ከ200 ቢሊዮን ቶን በላይ ይቀንሳል። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያለ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው እንደማይፈስ ሁሉ ተንሳፋፊው በረዶ ቢቀልጥ ባሕሩን ከፍ አያደርገውም፤ የየብሱ በረዶ ግን ከውጭ የሚጨመር ውሃ ነው። የግሪንላንድ ብቻ ሁሉም ቢቀልጥ የዓለምን ባሕር ወደ 7 ሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። ይህ በአንድ ትውልድ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ባሕሩ ግን ከ1901 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡትም ነገር ሳይሰማ መታለፍ የለበትም። ለምሳሌ በደቡብ ዋልታ ዙሪያ የሚንሳፈፈው የባሕር በረዶ እስከ 2014 ድረስ በጥቂቱ ሲሰፋ ቆይቶ ነበር፤ ይህን ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች እውነተኛ መለኪያ ይዘው ነበር። በኋላ ግን በድንገት ቀንሶ በ2023 በየካቲት ወር በሳተላይት መዝገብ ካልታየ ዝቅተኛ መጠን ደረሰ። ምድር ሰው ሳይኖር ስትሞቅና ስትቀዘቅዝ ኖራለች የሚለውም እውነት ነው። የምድር መንገድ መለዋወጥ የበረዶን ዘመን እንደሚያስጀምርና እንደሚያበቃ ዛሬ የታመነ ነው፤ በዚህ ነጥብ አርሄኒየስ ያናናቀው ወገን ትክክል ነበር። ጋዙ ደግሞ የተጀመረውን ለውጥ ያበረታል፤ በዚህ እርሱ ትክክል ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው የኦንግስትሮም ክርክር ግን ምላሽ እንዳላገኘ ተደርጎ ዛሬም እንደ አዲስ ሲነገር እንሰማለን።

ለዚህ ሁሉ ዳኛ ሆኖ የቀረበው በረዶው ራሱ መሆኑ ይደንቃል። በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ የጥንቱ አየር በጥቃቅን አረፋ ታስሮ ይኖራል። ሊቃውንት በረዶውን እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ቆፍረው የ800,000 ዓመታትን አየር መዝነዋል። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ አርሄኒየስ በ1896 ከገመተው ብዙም የራቀ አይደለም። በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥም የዛሬውን ያህል ጋዝ የታየበት ጊዜ የለም። በተባበሩት መንግሥታት ሥር በ1988 የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ የመንግሥታት ጉባኤ በ2021 ባወጣው መግለጫ ምድርን ያሞቀው የሰው ሥራ ለመሆኑ ጥርጥር እንደሌለ አስታውቋል።

እንግዲህ ከዚህ ሊቅ ታሪክ ምን እንማራለን? ክርክር ሁሉ አንድ ዐይነት አለመሆኑን እንማራለን። ኦንግስትሮም ቱቦውን ይዞ የተከራከረው ክርክር እውቀትን አሳደገ፤ አርሄኒየስ መልሱን እንዲያጠራ አስገደደው። መለኪያው ከቀረበ በኋላ ዝም ብሎ አይሆንም የሚለው ክርክር ግን የአንድሬን ፊኛ የሚመስል ነው፤ ጋዙ እየፈሰሰ ጉዞ ይጀመራል። ምን ያህል፥ በምን ፍጥነት፥ ወጪውንስ ማን ይክፈል የሚለው ሙግት ገና አላለቀም፤ ሊያልቅም አይገባውም። በዚህ ሙግት ጥቂት ጭስ ያወጡ እንደ እኛ ያሉ አገሮች ብዙ የሚሉት አላቸው፤ በኪሊማንጃሮ፥ በኬንያና በሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ ያለው በረዶ ሲያልቅ የሚያዩት የአፍሪካ ልጆች ናቸውና።

አርሄኒየስ በሒሳቡ ትክክል ነበር፤ በተስፋው ግን ተሳስቷል፤ ሙቀቱ በረከት ብቻ ይዞ የሚመጣ፥ ጊዜውም ሩቅ መስሎት ነበር። እኛ ከእርሱ ይልቅ ብዙ መለኪያ አለን። የአባቱን መዝገብ ሲያይ ያደገው ልጅ የምድርን ገቢና ወጪ አስልቶ ካስቀመጠልን ከ125 ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሒሳቡን አላየንም ለማለት አንችልም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለቤት እሳት ነበር፤ ለዓለምም ይሠራል።